ማይቶኮንድሪያን «የሚጠግን» ክኒን ልግዛ ወይ?



ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ የሚገባው ፎቶ አንድ ዓይነት ሆኗል። ጠርሙስ። አንዱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር፤ ላዩ ላይ ያቺ የባቄላ ቅርጽ ያላት ማይቶኮንድሪያ ተስላለች፣ ከሥሯ «የሴል ኃይል ይመልሳል»፣ «ማይቶኮንድሪያን ይጠግናል» ይላል። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ዶክተር፣ ድካም አስቸግሮኛል፣ ይሄን ልግዛው ወይ?» ዋጋውን ስጠይቅ የሚነግሩኝ ቁጥር ለአንዳንዱ ቤት የወር አስቤዛ ነው።

አጭሩ መልሴ «አትግዙ» ነው። ግን «አትግዙ» ብዬ ብቻ ባልፍ ነገ በሌላ ስም ሌላ ጠርሙስ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ምን እንዳለ፣ በተለይ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ሽፋኑ ላይ እንዴት እንደተደረደሩ ልንገራችሁ። ይሄን ካያችሁ በኋላ ሻጩ ምን ሊሸጥላችሁ እንደሞከረ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ቡናው ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ከሆነ ግን ወደ ታች ስትወርዱ የምለው አለኝ።)

ሁላችንም ትምህርት ቤት «ማይቶኮንድሪያ የሴል የኃይል ማመንጫ ነው» ብለን ሸምድደናል። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለውም። ችግሩ፣ ሰው ሲሰማው ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ወይም ነዳጅ የሚሞላ በርሜል መስሎት ይቀራል። «ባዶ ሆኗል፣ ሙላው» ለማለት ይመቻል። ሻጮቹም የሚሸጡት ይሄንኑ ሐሳብ ነው።

እውነታው ሌላ ነው። ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። የውጪው ላላ ያለ ነው፤ ትንንሽ ሞለኪውሎች ቀዳዳ በሠሩ ፕሮቲኖች በኩል ይመላለሱበታል። ዋናው ሥራ ያለው የውስጠኛው ላይ ነው። እሱ ጥብቅ ነው፤ ፕሮቶን የምንላትን የሃይድሮጅን አዮን እንኳ ዝም ብሎ አያሳልፍም። ቦታ ለማብዛት ደግሞ እንደ ተጣጠፈ ነጠላ ወደ ውስጥ እጥፍጥፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ይሄን እጥፋት ክሪስታ ይሉታል። ከዚህ ሽፋን ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሽፋኑ ራሱ በማሽን የተሞላ ግድግዳ ነው።

ማሽኖቹ ምን ይሠራሉ? ከበላነው ምግብ የወጣ ኤሌክትሮን ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ መጨረሻ ላይ ኦክስጅን ይቀበለውና ውሃ ይሆናል። አሁን ይሄን እያነበባችሁ የምትተነፍሱት ኦክስጅን አብዛኛው የሚያልቀው እዚያ፣ አራተኛው የፕሮቲን ስብስብ ላይ ነው። በቅብብሎሹ ላይ ከአራቱ ስብስቦች ሦስቱ ፕሮቶን ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋሉ። ሽፋኑ ስለማያሳልፍ ፕሮቶኑ በአንድ ወገን ይጠራቀማል። ግድብ ማለት ነው። ውሃው በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ይቆማል፣ የመውረጃው መንገድ አንድ ተርባይን ነው፣ እዚያ ሲያልፍ ያሽከረክረዋል። ተርባይኑ ኤቲፒ ሲንቴዝ ይባላል፤ በእውነት ይሽከረከራል፣ ምሳሌ አይደለም። በአንድ ሙሉ ዙር 3 ኤቲፒ ይሠራል። በአንድ ቀን ውስጥ ሰውነታችን የሚሠራውና መልሶ የሚጠቀምበት ኤቲፒ ቢደመር የራሳችንን ክብደት ያህል ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ኤቲፒ ተጠራቅሞ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በየሰከንዱ እየተሠራ በየሰከንዱ የሚያልቅ ነው።

የግድቡን ሐሳብ በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቼል ነበር። በጊዜው ብዙዎቹ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም፤ እነሱ የሚፈልጉት ጉልበቱን ተሸክሞ የሚሄድ አንድ ኬሚካል ነበር። አዩልኝ፣ ያኔም ሰው ጉልበትን እንደ ዕቃ ነበር የሚያስበው! ሚቼል ግን ምስጢሩ ሽፋኑና ማሽኖቹ በሽፋኑ ላይ የቆሙበት አቅጣጫ ነው አለ። በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የተርባይኑን አሠራር ያስረዱት ፖል ቦየርና ጆን ዎከርም በ1997 ተሸለሙ።

አሁን ወደ ድርድሩ እንምጣ፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነውና። ለረጅም ጊዜ የታሰበው ፕሮቲኖቹ ሽፋኑ ላይ እንደ ዘይት ጠብታ እየተንሳፈፉ፣ በአጋጣሚ እየተጋጩ ሥራ ይሠራሉ ተብሎ ነበር። በ2000 ጀርመን አገር ሄርማን ሼገርና ካቲ ፋይፈር ሽፋኑን በለዘብተኛ ዘዴ አሟሙተው ሲያዩት አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ስብስብ ተያይዘው አንድ ትልቅ ቡድን ሆነው ተገኙ። ሱፐርኮምፕሌክስ ይባላል። ኮንስትራክሽን ሳይት ላይ ብሎኬት ከመሬት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አይታችሁ ከሆነ ሠራተኞቹ ተራርቀው አይቆሙም፣ እጅ ለእጅ በሚያቀባብል ርቀት ነው የሚቆሙት። ሱፐርኮምፕሌክሱም ላይን ሲያዩት እንደዚያ ይመስላል። ቅብብሎሹን ያፈጥናል ወይስ ፕሮቲኖቹን ከመፈራረስ ይጠብቃል የሚለው ላይ ተመራማሪዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ፤ መኖሩ ላይ ግን ክርክር የለም።

ተርባይኖቹም ዝም ብለው አልተበተኑም። ጥንድ ጥንድ ሆነው በእጥፋቱ ጠርዝ ላይ ረድፍ ይሠራሉ። ጥንዱ ዘመም ብሎ ስለሚቆም ሽፋኑን ያጎብጠዋል፣ እጥፋቱን የሚሠራው በከፊል ይሄ ነው። ማሽኑ ቤቱን ይሠራል፣ ቤቱ ማሽኑን ይይዛል። በእጥፋቱ አንገት ላይ ደግሞ ሚኮስ የተባለ ሌላ የፕሮቲን ቡድን መግቢያውን አጥብቆ ይይዛል። እነዚህ ሲበላሹ እጥፋቱ ቅርጹን ያጣል። የእጥፋቱን ቅርጽ ከሚጠብቁት ፕሮቲኖች አንዱ፣ ኦፒኤ1 የሚባለው፣ በዘር ሲበላሽ የዓይን ነርቭ እየሟሸሸ ዕይታ ይደክማል። አንዲት ፕሮቲን ቦታዋን ስታጣ ዓይን ይከፍላል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የመግቢያውን ነገር ጨምሩበት። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ እዚያው ውስጥ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ግን 13 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ውጪ ተሠርተው በበር ነው የሚገቡት። የውጪው በር ስሙ ቶም፣ የውስጠኛው ቲም (ቀልድ አይደለም፣ የሳይንስ ስማቸው ምህጻረ ቃል ነው)። ብዙዎቹ ፕሮቲኖች ግንባራቸው ላይ እንደ ቀበሌና የቤት ቁጥር ያለ አድራሻ ይዘው ይመጣሉ፤ አድራሻው ተነቦ፣ ተዘርግተው በቀጭኑ በር አልፈው፣ ውስጥ እንደገና ታጥፈው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ተገጣጥመው ነው ሥራ የሚጀምሩት። የመጀመሪያው ስብስብ ብቻውን ከ40 በላይ ቁራጭ አለው። ከፊሉ ውጪ፣ ከፊሉ ውስጥ ይሠራና ልክ በልክ ይገጣጠማል።

እንግዲህ ይሄን ይዛችሁ ጠርሙሱን እንደገና እዩት። ከላይ የዋጣችሁት ዱቄት ፕሮቲን ከሆነ ሆድና አንጀት ፈጭተው አሚኖ አሲድ ያደርጉታል፤ ከሽሮ ወይም ከእንቁላል ከመጣው አሚኖ አሲድ ማንም አይለየውም። ፕሮቲን ካልሆነ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ትንሽ ሞለኪውል ነው። ሲሚንቶና ተርባይን መጋዘን ውስጥ ስለተከመረ መብራት አይመጣም። «ጥገና» የሚለው ቃል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ማይቶኮንድሪያ ቢበዛስ? በ1962 ሮልፍ ሉፍትና ባልደረቦቹ ስዊድን ውስጥ ስለ አንዲት ሴት ጻፉ። ሴትየዋ ያለማቋረጥ ያልባታል፣ በጣም ትበላለች ግን ቀጭን ናት፣ ትደክማለች። ሁሉም እንቅርት ነው፣ ታይሮይድ ነው ብሎ ያስባል፤ ታይሮይዷ ግን ደህና ነው። ጡንቻዋ ተወስዶ ሲታይ ማይቶኮንድሪያው እንደ ጉድ የበዛ ነበር፤ ግን ልል ነበር። ምግቡ ይቃጠላል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ከሚቃጠለው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የማይቶኮንድሪያ በሽታ ተብሎ በሕክምና ታሪክ መጀመሪያ የተመዘገበው ይሄ ነው። ሴትየዋ ማይቶኮንድሪያ አልጎደላትም። የጎደላት ልክ ነው።

በገዛ እጃቸው ይሄን የሚያመጡም አሉ። ዲኤንፒ የሚባል ኬሚካል አለ፣ በኢንተርኔት ለክብደት መቀነሻ ይሸጣል። ሽፋኑን ፕሮቶን እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። ግድቡን መብሳት በሉት፣ ውሃው ተርባይኑን ሳይነካ ይወርዳል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለመክሳት ብዙ ሰው ወስዶት ነበር፤ ሰው በሰውነት ሙቀት ተቃጥሎ ሞተ፣ ዓይኑ በሞራ ተጋረደ፣ በ1938 ለሰው መድኃኒትነት ተከለከለ። ዛሬም የሚገድል ነው፤ ማርከሻም የለውም። «ስብ አቃጣይ» ተብሎ ከውጭ በሰው እጅ የመጣ፣ ምን እንዳለው በግልጽ ያልተጻፈበት ካፕሱል ያላችሁ እባካችሁ አትዋጡት። ዘመድ ነው ያመጣልኝ አትበሉኝ፤ ዘመዱም የገዛው ከማያውቀው ሰው ነው።

ትንሽ ዞር ልበልና፣ ይቺን ወድጃት ነው የማነሳት። እነዚህን ፕሮቲኖች አያይዞ የሚያቆም ካርዲዮሊፒን የሚባል የተለየ ቅባት ውስጠኛው ሽፋን ላይ አለ። በ1942 ሜሪ ፓንግቦርን ከበሬ ልብ ነው ያወጣችው፣ ስሙም ከልብ የመጣ ነው። ቪዲአርኤል የተባለውን የቂጥኝ ምርመራ ያደረጋችሁ ሰዎች፣ የደማችሁ ጠብታ የተቀላቀለው ከዚህ ቅባት ጋር ነው! ካርዲዮሊፒን በዘር ችግር ልክ ሳይሠራ ሲቀር ሱፐርኮምፕሌክሶቹ ይላላሉ። ባርዝ ሲንድረም የተባለው፣ በአብዛኛው ወንድ ልጆችን የሚይዘው በሽታ ይሄ ነው፤ ልብ ይደክማል፣ ጡንቻ ይዝላል።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን ስለ ኮኪው10 ልናገር፣ ብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው እሱ ነውና። ኮኪው10 ሽፋኑ ውስጥ እየተመላለሰ ኤሌክትሮን የሚያቀብል እውነተኛ ሞለኪውል ነው። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። በዘር ምክንያት መሥራት ያቃታቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ መድኃኒት ነው፣ ማንም አይከራከርም። ለሥራ ድካም፣ ለእንቅልፍ እጦት፣ «ጠዋት መነሳት አቃተኝ» ለሚል ሰው ግን ያን ሁሉ ብር የሚያስወጣ ማስረጃ አላየሁበትም። ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩት፤ የዋርፋሪኑን ሥራ ሊያዳክም ይችላል።

አሁን ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልናገር። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት በሠላሳዎቹ ያለች የቢሮ ሠራተኛ መጣች። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ትተኛለች፣ ፀጉሯ ይረግፋል። ለሰባት ወር ሦስት ዓይነት ጠርሙስ ስትቀያይር ቆይታለች፤ የመጨረሻውን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። «ዶክተር፣ ይሄኛው ለማይቶኮንድሪያ ነው አሉኝ» አለች። የዓይኗን የታችኛውን ቆብ ገልጬ ሳየው ወረቀት ይመስላል። «እህቴ፣ የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል?» አልኳት። «ዘጠኝ፣ አንዳንዴ አሥር። ግን እኔ ሁሌም እንደዚያ ነኝ» አለች። ሄሞግሎቢኗ 6.9 ነበር። ለሴት ቢያንስ 12 መሆን ነበረበት። አልትራሳውንድ ላይ የማኅፀን ማዮማ ተገኘ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይሄ ነው። ብረት፣ አይረን የምንለው፣ ኦክስጅን ለመሸከም ብቻ አይደለም የሚያስፈልገን። ከላይ የነገርኳችሁ ቅብብሎሽ ራሱ የሚሄደው በብረት ላይ ነው። የመጀመሪያው ስብስብ ውስጥ ብቻ 8 የብረትና የድኝ ቋጠሮ አለ፣ ኤሌክትሮኗ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለች ታልፋለች። የሌሎቹም ስብስቦች ሥራ ያለ ብረት አይሆንም። ስለዚህ «ማይቶኮንድሪያሽ ደክሟል» ያሏት ሰዎች በአንድ በኩል ሳያውቁት እውነት ተናግረዋል። ለእሷ ማይቶኮንድሪያ የጎደለው ግን በጠርሙሱ ውስጥ አልነበረም። በጣም ርካሹ የመድኃኒት ቤት ክኒን ውስጥ ነበር። ደም ማነስ ደረጃ ላይ ሳይደርሱም እንኳ የብረት ክምችታቸው ስላለቀ የሚደክሙ ሴቶች አሉ። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ያሳያል።

ይሄን ስናገር ጣቴን ሻጩ ላይ ብቻ መቀሰር አልፈልግም። ሴትየዋ ወደ ጠርሙሱ ከመሄዷ በፊት ሁለት ቦታ ታይታለች። «ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ» ተብላ ቫይታሚን ታዞላት ወጥታለች። ማንም የወር አበባዋን አልጠየቃትም። ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ ሳለ «ደከመኝ» የሚል ሰው ሲገባ እኛ ሐኪሞች ውስጣችን ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ጠርሙስ ሻጩ ግን አርባ ደቂቃ ስልክ ላይ ያዋራታል፣ በስሟ ይጠራታል፣ በሳምንቱ ደውሎ «እንዴት ነሽ?» ይላታል። እኛ ያልሰጠነውን ጊዜ እሱ እየሸጠው ነው። ይሄን ሳናስተካክል «ሕዝቡ ለምን በሐሰተኛ መድኃኒት ይታለላል» ብንል ማን ይሰማናል?

እሷ አሁን ብረቷን እየወሰደች የማኅፀን ሐኪም ይከታተላታል። አይረን የታዘዘላችሁ ሰዎች፣ ሰገራችሁ ቢጠቁር አትደንግጡ። ብርቱካን አብሮ መውሰድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ከክኒኑም ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። ቡና ተዉ አላልኩም፣ እኔም አልተውም! ሄሞግሎቢኑ ሲስተካከል ክኒኑን ወዲያው አታቁሙ፤ ክምችቱ እስኪሞላ ወደ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ክኒኑን ደግሞ ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ ለልጅ ብዙ አይረን መርዝ ነው። ሳትመረመሩም አትጀምሩ።

«ታዲያ የማይቶኮንድሪያውን ድርድር የሚያሻሽል ምንም የለም ማለት ነው?» ትሉኛላችሁ። አለ፤ ነፃ ስለሆነ ማስታወቂያ የለውም። በ1967 ጆን ሆሎዚ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አይጦችን ለሳምንታት ሲያስሮጣቸው የጡንቻቸው ማይቶኮንድሪያ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በእጥፍ ያህል አደገ። ከዚያ ወዲህ በሰውም ታይቷል። ጡንቻ በተደጋጋሚ ሲሠራ ሴሉ ራሱ ፕሮቲኖቹን ያዛል፣ በበሩ ያስገባል፣ ይገጣጥማል። ያንን ሥራ ከሴሉ በቀር የሚሠራው የለም። ጂም ክፈሉ አላልኩም። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ፣ ትንፋሽ ቆረጥ እስኪያደርጋችሁ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፣ በሳምንት ብዙውን ቀን ይሁን። ደም ማነስ ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ደማችሁን ሙሉ።

አንድ ነገር ለመድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ታካሚዎች። ሊኔዞሊድ የምትወስዱ ካላችሁ፣ መድኃኒቱ የባክቴሪያን ፕሮቲን መሥሪያ ሲያጠቃ የማይቶኮንድሪያውንም ሊነካው ይችላል፤ እነዚያን 13 ፕሮቲኖች የሚሠራው ክፍል ከባክቴሪያ ጋር ይመሳሰላልና። እግራችሁን ከደነዘዛችሁ፣ ከነዘራችሁ፣ ወይ ዕይታችሁ ከደበዘዘ ቀጠሯችሁን አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ለሚከታተላችሁ ክፍል ንገሩ። በራሳችሁ ግን አታቁሙት።

ጠርሙስ ፎቶ መላክ ይቅርና እስቲ በኢንቦክስ ይሄን ጻፉልኝ፦ ድካሙ ከመቼ ጀመረ? ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ፣ ታንኮራፋላችሁ ወይ? ክብደት ቀንሳችኋል? ማታ ማታ ላብ ወይም ሳል አለ? ውሃ ውሃ ይላችኋል? የወር አበባችሁ ስንት ቀን ይቆያል? ለማልቀስ ትቀርባላችሁ? የምትወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው? ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ መመርመር ያለበትን ምን ምን ይመርመር እንደሆነ እጽፍላችኋለሁ። የገዛችሁትን ደግሞ ካልከፈታችሁት ወስዳችሁ መልሱት፤ አንዳንዶቹ ሲጨቀጨቁ ብራችሁን ይመልሳሉ።